ባለይዞታ የሌለው ክትክታ

ሆላንድ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ድንቅቱ ጉደታ
ሱሉልታ

አዳዳ ድንቅቱ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ክረምቱ እንዴት አለፈ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ገብሱስ ያዘ? እኔ ብርዱ ከገባ ወዲህ ወገቤን ከማለት በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በአባቴ ቀብር ላይ ከተያየን አራት ዓመት ሞላን። ጠፍቼ ኖሬ ለሥራ ጉዳይ ብቅ ማለቴ ያሳፍረኛል፤ ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰበታ አጠገብ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ የተተወ ገላጣ ኮረብታ አለ፤ የምሠራበት ድርጅት እሱን መልሶ በተክል ሊያለብሰው ነው። የሚተከለው ባሕር ዛፍ ሳይሆን የአገሩ ክትክታ ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚይዝ፣ አፈር የሚያቆም፣ ከብትም ብዙ የማይደፍረው። ችግኙን የምታፈላልን ሳሊሃ የምትባል ቡራዩ የችግኝ ጣቢያ ያላት ጎበዝ ሴት ናት። የጎደለን ዘሩ ነው። ከቤትዎ በላይ ያለው ዳገት ክትክታ በክትክታ እንደሆነ በልጅነቴ ስመጣ አይቻለሁ።

ሦስት ኪሎ ንጹሕ ዘር እስከ ኅዳር መጨረሻ ያስፈልገናል። ከሠላሳ ከማያንሱ ቁጥቋጦዎች ይለቀም፤ ከአንዱ ቁጥቋጦ ደግሞ ከሲሶው በላይ አይወሰድ። ፍሬው ቀይ ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደርሷል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ስለሚበቅል ፍሬ የሌለው ቢያጋጥምዎ አይገረሙ። ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ተፈትጎ፣ ጠርቶ ለሳሊሃ ይሰጥልኝ። ደመወዙን ድርጅቱ ይከፍላል።

ልጅዎ መልከጼዴቅ ፈቀደ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለመልከጼዴቅ፣

አካም ጅርታ? ደህና ነህ ወይ? እኔ በዋቃ ቸርነት አለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ዳገት ላይ እሺ ይላል፣ ቁልቁለት ላይ እንቢ ይላል። ወገቤን ያልከው ከወንበር ነው፤ ተነስና ተንቀሳቀስ።

ሳሊሃ መጥታ ነበር። ጨዋ ልጅ ናት። “ለምን በስልክ አይነግሩትም?” አለችኝ። በስልክ የተባለ ነገር ማኅተም አይመታበትም አልኳት። መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝ ለዚህ ነው። እጽፋለሁ፣ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ። እዚህ ሰው ክትክታን፣ እኛ ኢታቻ የምንለውን፣ የሚያውቀው ለማገርና ለአጥር ነው። ፍሬውን ልቀሚ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በዚህ ዕድሜዬ ወንዴ ነሽ ሴቴ ነሽ እያልኩ ቁጥቋጦ ሥር ሳጎነብስ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?

በሁለተኛው ንባብ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። በመስከረም ሦስት ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይዘው መጥተው ዳገቱ ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ቀይ ቀለም ቀቡት። ማስተር ፕላን ነው አሉ። የይዞታ ደብተሬን ይዤ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ደብተሩ ላይ ያለው የሚታረሰው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ሲለኩ “ቁጥቋጦ ነው” ብለው ዳገቱን ትተውት ሄደዋል። ከአማቴ ዘመን ጀምሮ አጥራችንም ማገራችንም ከዚያ ነው የሚወጣው። ይኸን ሁሉ ብነግራቸው “በምን ይታወቃል?” አሉኝ።

ስለዚህ እለቅምልሃለሁ። ደመወዝህን ተወው። የምፈልገው ድርጅትህ ወረቀት እንዲጽፍልኝ ነው፦ ይህ ዳገት የድንቅቱ ጉደታ ነው፣ ዘር ይሰጣል፣ አይነካ ብሎ። ማኅተሙ ክብ ይሁን። እዚህ ክብ ያልሆነ ማኅተም አያምኑም።

አክስትህ ድንቅቱ


ሆላንድ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

አዳዳ ድንቅቱ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ሰላምታዬ ለባለቤትዎ ወንድም ለኦቦ ነገሳም ይድረስ። ስለ ሰሞኑ ሁኔታ እየሰማሁ ነው፤ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ አላውቅም። ሳሊሃ የላኩትን የማዳበሪያ ከረጢት ከፈተችው። ጠጠር አለበት። ጭራሮ አለበት። ከይቅርታ ጋር፣ የፍየል በጠጥ አለበት። ዘር ግን ከአንድ ቡና ሲኒ አይበልጥም። “ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ለቅመናል” ብለዋት ነበር አሉ። የት ገባ? ለአለቆቼ ዘሩ ደርሷል ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ምን ልበላቸው?

እባክዎ እንደገና ይለቀም። ፍሬው ረግፎ ሳያልቅ ይፍጠኑ። የወረቀቱን ነገር ዘሩ ሲሟላ እናነሣዋለን።

መልከጼዴቅ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

መልከጼዴቅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የዘገየሁት ወድጄ አይደለም። ማስተር ፕላኑን በመቃወም መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ሳሊሃ ሁለት ሳምንት ከቡራዩ መውጣት አልቻለችም። ወታደር ገብቷል፣ ልጆች ታስረዋል፣ ለቅሶ ቤት ነው የምንውለው። አንተ “የሰሞኑ ሁኔታ” ያልከው ይኸ ነው። ሰው ልጁን እየፈለገ እኔ “የክትክታ ዘር አጥሩ ተብለናል” ስል እንዴት እንደሚያዩኝ ልነግርህ አልችልም።

የት ገባ ላልከው፣ እነሆ። ሦስቱን ማዳበሪያ ለቅመን አድርቀን ነበር። እጄ እስከ ክርኔ ሙጫ ሆኖ በሳሙና አልለቅ ብሎኝ ሰነበተ። ከዚያ ኦቦ ነገሳ “ማጥራቱን ለእኔ ተዉት” አለ። ስልሳ ዓመት ገብስ ያጠራ ሰው ነው፣ ምን ልበለው? አውድማው ላይ ዘርግቶ፣ በበትር ወቅቶ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በላይዳ ወደ ላይ አደረገው። ፍሬው በሙሉ ተነሥቶ ሄደ።

“ኦቦ ነገሳ፣ ፍሬው እየሄደ ነው!” ብዬ ጮህኩ።

“ገለባው ነው” አለኝ። “ፍሬ ቢሆን ይወድቅ ነበር።”

ክንፍ ያለው እህል አይቶ አያውቅማ! የወደቀውን ጠርጎ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተና አፉን ሰፋው። የሄደው በጎረቤቴ በወርቅቱ ድንች ላይ አርፎ እስከ ዛሬ ትጮህብናለች። ኦቦ ነገሳ አሁን ነገሩ ገብቶት ከቤት አይወጣም። እኔ ግን የምቆጣው በአንተ ነው። ስለ ወንዴና ሴቴ ስትጽፍ ቀለም አላነሰህም፤ ለነፋስ እንዳይሰጥ ብሎ አንድ መስመር መጨመር ምን ከበደህ?

እንደገና እለቅማለሁ። ወረቀቱ ግን “እናነሣዋለን” የሚባል አይደለም። ዘሩ የአንተ ጉዳይ ነው፣ ወረቀቱ የእኔ ነው። ሁለቱ እኩል ይሂዱ።

ድንቅቱ


ሆላንድ፣ ጥር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

አዳዳ ድንቅቱ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረስዎ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለኦቦ ነገሳ ይቅርታዬን ይንገሩልኝ። ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በወንፊት ይነፋ።

ማስተር ፕላኑ መሰረዙን እዚህ ሰማን። እንኳን ደስ አለዎት! የቀለሙ ስጋት በዚሁ አበቃ ማለት ነው። ወረቀቱን ግን ቃሌ ነውና አጽፋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ድርጅቱ ዘሩ ከየት እንደተለቀመ የሚገልጽ ቅጽ ይፈልጋል። መሬቱ የግል ይዞታ ከሆነ የባለይዞታው ፊርማና የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ቅጹን በሳሊሃ ልኬያለሁ። እስከ የካቲት 15 ካልደረሰ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ሳሊሃና አሥራ አንድ ሠራተኞቿ ይበተናሉ። እባክዎ ያስጨርሱልኝ።

መልከጼዴቅ


ሱሉልታ፣ የካቲት 5 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለመልከጼዴቅ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን።

እንኳን ደስ አለዎት ብለሃል። የተሰረዘው አዲስ አበባ ያለው ወረቀት ነው። እዚህ ድንጋዩ ላይ ያለውን ቀለም የሰረዘው ሰው የለም። እኔ ራሴ በሽቦ ፍቄ ሞክሬዋለሁ፣ አይለቅም። አሁን ደግሞ ለማስተር ፕላን አይደለም፣ ለመጋዘን ነው ይላሉ። ስሙ ይለዋወጣል፣ ዳገቱ ያው የእኔው ዳገት ነው።

ዘሩ ሞልቷል። ሦስት ኪሎ ከሩብ። በሬን ዘግቼ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ በሰፌድ አበጥሬ፣ እንደ ኑግ ጥቁር አድርጌ አስረከብኩ። ሳሊሃ መዝናው እጄን ሳመችኝ።

ቅጹ ግን ጉድ ነው። አራት ቀን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ሰብሳቢው የለም፣ አንድ ቀን በሩ ተቆልፎ ወታደር ቆሟል። በአራተኛው ቀን አንዱ ወጥቶ “እማማ፣ በዚህ ጊዜ ማን ይፈርማል?” አለኝ። እውነቱን ነው። በእኔ በኩል ያለውን ፈርሜያለሁ። የጎደለውን አንተ ሙላው። የማን ነው ለሚለው መልሱን ታውቀዋለህ።

ወረቀቴን ላክ።

ድንቅቱ


ሆላንድ፣ የካቲት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

አዳዳ ድንቅቱ፣ እጅዎ ይባረክ! ሳሊሃ ለሙከራ ፍል ውኃ አሳልፋ ከዘራችው መቶ ፍሬ ሰባ አንዱ በቀለ። እንዲህ ያለ ዘር አይቼ አላውቅም። ቅጹንም እንደሚሆን አድርጌ ሞልቼው በቀኑ ገብቷል፤ ገንዘቡ ተለቅቋል።

የጠየቁኝ ወረቀት ከዚህ ጋር ነው። የድርጅቱ ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ እዚያም የሚያነበው አይጠፋም። ማኅተሙ እንዳሉት ክብ ነው።

ሥራ በዝቶብኝ አሳጠርኩ። ጤና ይስጥልኝ።

መልከጼዴቅ


ሱሉልታ፣ መጋቢት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

መልከጼዴቅ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ወረቀትህ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ሳሊሃ ለሰው ሰጥታ ነው የላከችው፣ ፖስታው እንደታሸገ ነው። እሷ መጥታ ታንብብልኝ ብል መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ማኅተሙን አየሁት፣ ክብ ነው። ስሜን በእንግሊዝኛ ቢሆንም ለየሁት። ይበቃኛል አልኩ። ዓርብ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ኦቦ ነገሳን አስከትዬ ጽሕፈት ቤቱ ገባሁ። ሉቃስ የሚባል ትሑት ጸሐፊ አለ፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ጎረቤቶቼም በር ላይ ቆመዋል፤ እነሱም ቀለም የተቀባባቸው ናቸውና ወረቀቱ ለእኔ ከሠራ ለእነሱም እንዲሠራ ተስፋ አድርገዋል።

አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና አነበበው።

“እማማ፣ ይኸን ማን ሰጠዎት?”

“የወንድሜ ልጅ። ጮክ ብለህ አንብበው፣ ሁሉም ይስማ።”

“ወይዘሮ ድንቅቱ ጉደታ ለዘር ለቀማው ስለተባበሩን እናመሰግናለን ይላል።”

“እሺ፣ ቀጥል።”

“ዘሩ የተሰበሰበው ባለይዞታ ከሌለው የዱር መሬት ነው ይላል።”

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ ለማየት አልዞርኩም። ኦቦ ነገሳ “ተሳስተህ ነው ያነበብከው፣ ልጁ የቤታችን ልጅ ነው” አለው። ሉቃስ በጣቱ እየተከተለ እንደገና አነበበለት። ከዚያ ወረቀቱን በስቶ ፋይሌ ውስጥ አሰረው። “ማስረጃውን ያቀረቡት እርስዎ ነዎት፣ መመለስ አልችልም” አለኝ። ተቃውሞ ካለኝ እስከ ሚያዝያ 20 እንዳቀርብ በጽሑፍ ሰጠኝ።

ተናድጃለሁ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ያ ሁሉ ቀይ ቀለም ያላደረገውን የአንተ አንድ ወረቀት አደረገው። እነሱ “በምን ይታወቃል?” ነበር ያሉኝ። የማንም አይደለም ብሎ የጻፈ አንተ ነህ። ለምን? ምን አደረግሁህ? የማን እንደሆነ አታውቅም? አሁኑኑ አስተካክለህ ጻፍ። በአማርኛ ጻፈው፣ ራሴ እንዳነበው።

ድንቅቱ ጉደታ


ሆላንድ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

አዳዳ ድንቅቱ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ መግቢያ አጣሁ። በአባቴ ስም ይዤዎታለሁ፣ እባክዎ ይስሙኝ። የግል ይዞታ ነው ብዬ ብሞላው ኖሮ የጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጫ የለም ተብሎ ቅጹ ይመለስ ነበር። ሦስት ቀን ነበር የቀረኝ። “ባለይዞታ የሌለው” የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ካደረግሁ ማረጋገጫ አይጠይቁኝም። የቢሮ ወረቀት ነው፣ እዚሁ ፋይል ውስጥ ይቀራል ብዬ ነው። የእርስዎም ወረቀት ከዚያው ከቅጹ ተገልብጦ እንደሚጻፍ አላሰብኩም። መጥቶ ሲያስፈርሙኝም ሳላስተውል ፈረምኩ።

አሁን አስተካክሉልኝ ብል ምርመራ ይከፈታል፣ ሥራው በሙሉ ይቆማል። ሳሊሃ ጋ ዘጠኝ ሺህ ችግኝ በቅሏል። እባክዎ፣ ችግኙ በሐምሌ ሰበታ ይተከልና በማግሥቱ አርሜ እጽፋለሁ። እስከዚያ ጽሕፈት ቤቱን ትንሽ ቀን ይለምኑልኝ።

መልከጼዴቅ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

መልከጼዴቅ፣

የተሰጠኝ ቀን ሚያዝያ 20 ነው። አንተ ሐምሌ አልከኝ። በየትኛው አገር አቆጣጠር ነው ሐምሌ ከሚያዝያ የሚቀድመው?

ድንቅቱ


ሆላንድ፣ ግንቦት 1 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ድንቅቱ፣ እንደምን አሉልኝ?

ሐምሌ ያልኩት ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ያችን አጭር ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አይጠይቁኝ። ሰኞ ዕለት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሣጥኑን፣ ቀኑን፣ ወረቀቱን። ሥራው ታግዷል። የእኔም ከሥራ መባረር ወይም መትረፍ በዚህ ወር ይታወቃል። ሳሊሃ በስልክ ሰድባኛለች፤ ልክ ናት።

ወረቀቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ከዚህ ጋር አለ። መሬቱ የወይዘሮ ድንቅቱ ጉደታ ይዞታ መሆኑን፣ ዘሩ በእሳቸው እጅ መለቀሙን፣ ቀድሞ የተጻፈው ሐሰት መሆኑን፣ ሐሰቱን የጻፍኩትም እኔ መሆኔን ይላል። ሦስት ቦታ ማኅተም ተመትቶበታል። ቀኑ ማለፉን አውቃለሁ። ግን ጽሕፈት ቤት መቼ ባለው ቀን ሠርቶ ያውቃል? ዛሬውኑ ይዘውት ይሂዱ።

ልጅዎ መልከጼዴቅ


ሱሉልታ፣ ግንቦት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለመልከጼዴቅ ፈቀደ፣

አካም ጅርታ? እኛ አለን።

ጽሕፈት ቤት ባለው ቀን አይሠራም ብለሃል። በዚህ ጊዜ ሠርቷል። ግሬደሩ ሚያዝያ 24 ጠዋት መጣ። አንድ ቀን ይበቃዋል ብለው ነበር፣ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ክትክታው ድንጋዩን ይዞ አልለቅም አለ። ሹፌሩ የነቀለውን እንጨት መንገዱ ላይ ከመረውና ወርዶ “የማን ነው ይኸ? ባለቤቱ ያንሣ!” ብሎ ጮኸ። የቆመው ሰው ሁሉ “የድንቅቱ ነው” አለው። እንጨቱ ባለቤት ነበረው። ከኦቦ ነገሳ ጋር ሦስት ቀን ተሸክመን አነሣነው።

ወረቀትህ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ራሴ አነበብኩት። ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። ለምን ቀድመህ አልጻፍከውም ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። የሳሊሃ ሠራተኞች ያለ ሥራ መቀመጣቸውንም ሰማሁ። ለእነሱም አዝኛለሁ፤ ግን ለሁሉም የማዝንበት ጉልበት አጥቻለሁ።

ያም ሆኖ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ሉቃስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። “ሁለቱም የአንድ ድርጅት ናቸው፣ የፈረመውም አንድ ሰው ነው። አንዱ የማንም አይደለም ይላል፣ አንዱ የእርስዎ ነው ይላል። የይዞታ ኮሚቴው የትኛውን ይመን?” አለኝ። ዳገቱ አይመለስም፤ መሠረት ተቆፍሮበታል። ይዞታዬ እንደነበር ከታመነ ግን ምትክ መሬት ይገባኛል። ካልታመነ ምንም የለኝም። የሚታመነው የፈረመው ሰው ራሱ ቀርቦ፣ ኮሚቴው ፊት ቆሞ፣ የቱ እውነት እንደሆነ በአፉ ሲናገር ነው። ቀጠሮው ሰኔ 6 ሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

ከእንግዲህ ወረቀት አትላክልኝ። በአማርኛም አልፈልግም፣ ማኅተሙም ይቅርብኝ። አንተ ና።

ስወጣ ሉቃስ “ሰውየው ይመጣል?” ብሎ ጠየቀኝ። ይመጣል አልኩት። ይኸን ያልኩት አንተን አምኜ እንዳይመስልህ። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው።

ድንቅቱ ጉደታ